ከቅጣቱ በፊት ማን ጠየቀው? ለእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ የሰፈር እድሮች ዳኞች፣ ጸሐፊዎች፣ ገንዘብ ያዦችና አባላት በሙሉ
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ሐዘን ላይ ያሉ ወንድ አባሎቻችንን ከመቅጣታችን በፊት እንድንጠይቃቸው ስለማሳሰብ

የተከበራችሁ አባቶቼና ወንድሞቼ፣

እኔ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። መዝገብ መያዝ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። የእድራችንን ስም አልጠቅስም። የምጽፈው የሰው ገመና አለበት፣ ደግሞም ነገሩ በእኛ ሰፈር ብቻ የሚደርስ እንዳልሆነ ከሌሎች ጸሐፊዎች ጋር ስጫወት ተረድቻለሁ። ስለ እሱ የምነግራችሁን ሰው ይህን ደብዳቤ አስቀድሜ አስነብቤዋለሁ። «ስሜን ተወውና ጻፈው» ብሎኛል።

ሰውየው የሚኒባስ ሹፌር ነው። ባለቤቱ የሞተችው ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ በጠናበት ሳምንት ነው። ሦስቱን ቀን ድንኳን ውስጥ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሰው ተቀበለ። «እግዚአብሔር ያጽናህ» ሲሉት «አሜን» ይላል፤ ይነሣል፣ ይቀመጣል። አላለቀሰም። በሁለተኛው ቀን ማታ ብቻ፣ የስድስት ዓመት ልጁ ከሴቶቹ ዘንድ መጥታ ጭኑ ላይ ስትወጣ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አጠገቡ የነበሩ ሽማግሌ ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ «ተው እንጂ፣ ወንድ አይደለህ እንዴ? አንተ እንዲህ ከሆንክ እሷ ምን ትሁን?» አሉት። በቅንነት ነው ያሉት፤ እኔም በቦታቸው ብሆን ያንኑ እል ነበር። ልጁን አንሥቶ ለአክስቷ ሰጣትና ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠ። ከኋላ አራት ሆነን ካርታ እንጫወት ነበር። ጨዋታው አልቆመም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ድንኳን ስናፈርስ ያደረገውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ካስማ ስንነቅል ከቤት ወጣና ሸራውን መጠቅለል ጀመረ። «ተው፣ አንተ ሐዘንተኛ ነህ» ብንለው አልሰማንም። ሦስት ቀን ዝናብ የጠጣ ሸራ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። ጠቀለለ፣ አሰረ፣ ተሸከመ። አግዳሚዎቹን ቆጠረ፤ አንድ ሲጎድል ጎረቤት ግቢ ገብቶ ፈልጎ አመጣው። ሁሉ ነገር መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ ድንኳኑ የነበረበት ጭቃ ላይ እጁን አንጠልጥሎ ቆመ። የሚያነሣው ነገር አልቀረም ነበር። እኛም ዕቃውን ይዘን ሄድን።

ይህ ሰው በቀብር ቀን ከሁሉ ቀዳሚ ነበር። ጥሩምባ ተነፋ ከተባለ ሥራውን አቁሞ ይመጣል፤ አካፋ ከእጁ አይጠፋም። እስከዚያ ድረስ በመዝገቤ ላይ «ቀሪ» የተባለው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ከባለቤቱ ሞት በኋላ ግን መስከረም ላይ አንድ ቀብር ቀረ። 50 ብር ጻፍኩበት። ጥቅምት ላይ ሁለት ቀረ፤ 100 ብር። ኅዳር ላይ የነበሩትን በሙሉ ቀረ። በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ፣ ማኅተም መትቼ ላክሁለት። ታኅሣሥ ላይ መዋጮውንና ቅጣቱን ሊከፍል መጣ። ደረሰኝ ቆርጬ ሰጠሁት። አልሄደም። የማኅተሙን ቀለም መንከሪያ እያየ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቆመ። «ሌላ ነገር አለ እንዴ?» አልኩት። «የለም» አለ። ከኋላው ሰልፍ ነበር። ሄደ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው በዚያ ጠረጴዛ ፊት ሲቆም አይቻለሁ። የዚያን ቀን ግን አላየሁም።

ቤቱ የሄድኩት የካቲት ላይ ነው። ልጠይቀው አልነበረም የሄድኩት። ከአባልነት የተሰረዘበትን ደብዳቤ እንዲያደርስ የታዘዘው ሰው ስለታመመ እኔ ይዤው ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ ማበጠሪያ በጥርሱ ነክሶ ነው። ልጁ ዱካ ላይ ተቀምጣለች፤ ግማሹ ጸጉሯ ተሠርቷል፣ ግማሹ ተበትኗል። መስመሩ ጠማማ ነው። ቅባት እስከ ክርኑ ደርሷል። «ቁጭ በል፣ ልጨርስላት፤ ነገ ትምህርት ቤት ናት» አለኝና ሥራውን ቀጠለ። አክስቷ በየሳምንቱ መምጣት ስላልቻለች ከጎረቤት ሴት እያየ እንደተማረ የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። መጀመሪያ ሲሠራት ልጅቷ መስታወት አይታ አልቅሳ ነበር። አሁን አታለቅስም።

ደብዳቤው በደረት ኪሴ ነው። እሱ ዓይኑን ከጸጉሯ ሳያነሣ ይናገር ጀመር። እኔን አይቶ ቢሆን ኖሮ አይናገርም ነበር ብዬ አምናለሁ። ልጅቷ ተሠርታ ወደ ጓዳ ስትገባ ደግሞ ማበጠሪያውን ከጸጉር እያጸዳ ቀጠለ። ቀብር መቅረት የጀመረው አፈሩ ሣጥኑ ላይ ሲወርድ የሚሰማውን ድምፅ መቻል ስላቃተው ነው። ለእኛ ግን «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ነበር የሚለን። ለመኪናው ባለቤት «ወገቤን ነው» አለው። ክሊኒክ ሄዶ «ጨጓራዬን ነው» ብሎ ለወራት የጨጓራ መድኃኒት ወስዷል። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ መኪናውን ከሰፈር ራቅ አድርጎ ያቆምና መሪው ላይ ይደፋል። «ቤት የምገባው ጨርሼ ነው፤ እሷ እንዳታየኝ» አለኝ። ጨርሶ ለመግባት አንዳንድ ቀን አረቄ ያስፈልገው ጀምሮ ነበር።

«ለምን አልነገርከንም?» አልኩት።

«ማን ጠየቀኝ?» አለ። ቁጣ የለበትም። እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረው።

ደብዳቤውን በኪሴ እንደያዝኩ ተመለስኩ።

የተከበራችሁ የእድር ዳኞች፣ የዚህን ሰው መፍረስ ከዘመድ፣ ከጓደኛ፣ ከሐኪምም በፊት የያዘው የእኔ መዝገብ ነው። መስከረም አንድ፣ ጥቅምት ሁለት፣ ኅዳር ሁሉ። ቀኑ ተጽፏል፣ ፊርማ አለበት፣ ብሩ ተደምሯል። በዚህ ከተማ ወንዶች በወር በወር ተሰብስበው ስማቸው የሚጠራበት፣ የቀረው ተለይቶ የሚጻፍበት ከእድር ሌላ ስንት ቦታ አለ? ይህን ያህል የሚያይ ዓይን እያለን ያየነውን ወደ ብር ብቻ ነው የምንቀይረው። ለቅጣት ዓምድ አለን። ለመጠየቅ ግን ዓምድ የለንም።

በሴቶቹ እድር እንዲህ አይደለም። ባለቤቴን ጠይቄ ነው የምጽፈው። ሐዘንተኛዋን አቅፈው ያስለቅሷታል፣ ያጥቧታል፣ ያጎርሷታል። ድንኳን ከፈረሰ በኋላም ቡናና ቁርስ ይዘው ይመለሳሉ፤ «እንዴት አደርሽ፣ እንቅልፍ ወሰደሽ ወይ?» ይባባላሉ። ይህን የሚያዝዝ አንቀጽ በደንባቸው የለም፤ ልማድ ነው። የእኛ የወንዶቹ ልማድ ሰልስት ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ሐዘንተኛውን መንገድ ላይ ስናገኘው «በረታህ?» እንለዋለን። «በርትቻለሁ» ከማለት ሌላ መልስ የማያስገባ ጥያቄ ነው።

«ወንድ ልጅ አያለቅስም፤ ካለቀሰም ወደ ውስጥ ነው» የምትሉኝ አባቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። የአባቶቻችን ሥርዓት ነው ትሉኛላችሁ። እኔ ግን የአባቶቻችን ሥርዓት እንዲህ ነበር ብዬ ለመቀበል ይቸግረኛል። ልጅ ሳለሁ ቡልጋ፣ አያቴ የታላቅ ወንድሙ ለቅሶ ላይ በትሩን እየነቀነቀ ወደ መሐል ገብቶ ሲያቅራራ አይቻለሁ። የወንድሙን ጀግንነት እየጠራ፣ እየፎከረ፣ ድምፁ እየተቆረጠ፣ እንባው በጺሙ እየወረደ። ተሰብስቦ የነበረው ወንድ ሁሉ አብሮት አለቀሰ። በማግስቱ ያው አያቴ ጥማድ በሬውን ይዞ እርሻ ወጣ። «ወንድ አይደለም» ያለው አልሰማሁም። የዚያ አገር ወንድ ለሐዘኑ ዜማ ነበረው፣ ግጥም ነበረው፣ የሚቆምበት መሐል ሜዳ ነበረው። ከተማ ስንገባ ሙሾውንና ደረት መምታቱን ለመቀነስ በቂ ምክንያት ነበረን፤ የሃይማኖት አባቶችም መክረውበታል። ነገር ግን ያንን ስናስቀር በቦታው ለወንዱ ያስቀመጥንለት ካርታና ዝምታ ነው።

መጻሕፍቱም ከዚህ ከባድ ዝምታ ጋር አይደሉም። ጌታ በአልዓዛር ለቅሶ ቤት፣ ከለቀስተኞቹ መሐል ቆሞ «እንባውን አፈሰሰ» ይላል ወንጌሉ። ንጉሥ ዳዊት በጦር ድል ቀን «ልጄ አቤሴሎም ሆይ» እያለ ሠራዊቱ እየሰማው አልቅሷል። ሙስሊም ወንድሞቼ ደግሞ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ ነቢዩ ሙሐመድ ሕፃን ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አንብተዋል፣ ያዩዋቸው ሲገረሙም እንባ ርኅራኄ መሆኑን ተናግረዋል። የእኛ እድር ውስጥ ሁለቱም ወገን አለ። ድንኳኑ አንድ ነው።

የታፈነ ሐዘን የት እንደሚወጣ ቋንቋችን ያውቀዋል። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ይላል ተረቱ። ተረቱን የፈጠረ ሰው ኀዘንና ቁጣ አንድ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚተኙ አይቷል። የታሪካችንን ትልቁን ወንድ፣ አፄ ቴዎድሮስን አስቡ። ሚስታቸውን ተዋበችን በ1850 አጡ፤ ብዙ ሳይቆይ ወዳጃቸው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውዴን በሽፍቶች ተገደለ፣ ተከትሎም እንደ ወንድም የሚያዩት እንግሊዛዊው ጆን ቤል በውጊያ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ በበቀል ያስፈጁት ምርኮኛ በመቶዎች የሚቆጠር ነበር። የዘመኑን ጦርነት በአንድ ሰው ሐዘን ብቻ መተርጎም አልፈልግም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ግን ልቡ የተሰበረ ሰው እጁ ላይ ማጭድ ሲኖር የሚሆነውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። በየቤታችን ደግሞ ማጭዱ አነስ ይላል፤ ቀበቶ ነው፣ ጥፊ ነው፣ የተሰበረ ሣህን ነው። የሚከፍሉት ሚስትና ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ የራሴንም ልናገር። አባቴ የሞተ ጊዜ የዐሥር ዓመት ልጄ ድንኳኑ ጥግ ቆሞ ሲንሰቀሰቅ አይቼ፣ ሰው ፊት ስለሆነ፣ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አልኩት። አያቱ ነው ትምህርት ቤት የሚያመላልሰው የነበረው። ዋጥ አደረገው። ሲውጠው ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየሁት። በሦስተኛው ሳምንት የክፍል ጓደኛውን በቡጢ መትቶ ጥርስ ሰበረ፤ እኔም ተጠርቼ ሄጄ ተቆጣሁት። ምክንያቱን ሲጠየቅ «አያትህ አይመጣም እንዴ ብሎኝ ነው» አለ። ልጄ ከእኔ የተማረው ማልቀስ ክልክል፣ መምታት ግን የሚያስጠራ መሆኑን ነው። እስከ ዛሬ ያንን ቃል ከአፌ መልሼ ብወስደው እወድ ነበር።

በ1990 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት ስሜትን ለይቶ የማወቅን ችሎታ የስሜት ብልህነት ብለው ጽፈውበታል። ሰው የራሱንም የሌላውንም ስሜት ማየት፣ አንዱን ከሌላው መለየትና ለአስተሳሰቡ መምሪያ ማድረግ ሲችል ማለታቸው ነው። ለሹፌራችን የጎደለው ይኸው መለየት ነበር። ኀዘኑን «ወገብ» አለው፣ «ጨጓራ» አለው፣ «ሥራ በዛብኝ» አለው። በስሙ የጠራለት አልነበረም። አማርኛችን ግን በዚህ በኩል ድሃ አይደለም። ሆዴ ባባ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ሆዴ ተላወሰ፣ አንጀቴ አረረ፣ ቅር አለኝ፣ ባይተዋር ሆንኩ። እያንዳንዱ የተለየ ነገር ነው፤ ሆድ የባሰው ሰው ሆዱ ከባባ ሰው ጋር አንድ አይደለም። እነዚህን ቃላት ከእናቶቻችን አፍ እንሰማለን፣ ወንዶቹ ግን አንዱን ብቻ ይዘን አድገናል፤ «ሆድ ይፍጀው»።

ወንድነት ራሱ ባለበት የቆመ ነገር አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ነበር፤ በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ያንን ሽሮ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ ልጅ ለተወለደለት አባት 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ሰጠው። ሚስት ወይም ልጅ ለሞተበትም ያው 3 ቀን ነው። ጥቂት ነው፤ ሚኒባስ ሹፌር ይህችንም አያገኝም። ቢሆንም ሕግ አውጪው አባት ሕፃን የሚታቀፍ ሰው መሆኑን ጽፏል። በየሰፈራችንም ልጅ አዝሎ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ወጣት አባት ማየት እንደ ድሮው አያስደንቅም። የእድር ደንባችን ግን ወንዱን የሚያውቀው በአካፋው፣ በትከሻውና በብሩ ነው።

«እድር የቀብር ነው፤ ሌላው የመንግሥት ሥራ ነው» የሚለውን ክርክር በጉባኤያችን ላይ ሰምቻለሁ። መልሴ የራሳችን ታሪክ ነው። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ሲያረግፈን ታስታውሳላችሁ። ድንኳን ከአንዱ ቤት ነቅለን ሌላው ቤት የምንተክልበት ጊዜ ነበር። የበሽታው ስም በለቅሶ ቤት አይጠራም፤ «ሳንባ ነው» ይባላል። ያን ጊዜም «የእድር ሥራ ቀብር ነው» ያሉ ነበሩ። ግን ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሻሉ፤ አባል በሕይወት ሳለ መጠየቅና መርዳት፣ ወላጅ ላጡ ሕፃናት መድረስ ጀመሩ። በ1997 መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምርም ታማሚውን እየደገፉ ወደ ሐኪም ያደረሱ የእድር ሰዎች ነበሩ። የማይጠራውን ስም መጥራት ተምረናል። ከዚያ የከበደ ነገር አልጠየቅኋችሁም።

ሌላ አገርም ያደረጉት አለ። ዚምባብዌ፣ ሐራሬ ከተማ፣ ምባሬ በሚባል የድሆች ሰፈር በ2006 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም 14 አሮጊቶችን አሠልጥኖ ከጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠ። ሥራቸው መጠየቅና ማዳመጥ ነው። ሕመሙን በፈረንጅኛ ስሙ አይጠሩትም፤ በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፣ ሐሳብ ማብዛት እንደማለት። ከዐሥር ዓመት በኋላ የወጣው ጥናት አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሰዎች በስድስት ወር ውስጥ ከሌሎቹ በእጅጉ እንደተሻላቸው አሳየ። ይህን ሳነብ ያሰብኩት የእኛን ዕቃ ቤት ነው። 40 አግዳሚ አለን። አንድ ሰው ካልሞተ በቀር አይወጡም።

ካርታውን ይከልከል አልልም፤ እንዳትሳሳቱብኝ። ካርታ ጥሩ ነገር ነው። ሐዘንተኛውን ብቻውን አይተወውም፣ ሌሊቱን ያሳጥርለታል፣ ፊት ለፊት መተያየትን ያስቀርለታል። ሹፌሩ የተናገረኝ እጁ ሥራ ይዞ ዓይኑ ሌላ ቦታ ስለነበር ነው። ብዙ ወንድ እንዲህ ነው፤ ጎን ለጎን ሆኖ ሸራ ሲጠቀልል የሚናገረውን ፊት ለፊት ተቀምጦ አይናገረውም። ቁጥብነትንም አልነቅፍም። ጉድጓድ የሚቆፍር፣ ሬሳ የሚያወጣ፣ ሐኪም ቤት ሂሳብ የሚከፍል ራሱን የገዛ ሰው ያስፈልጋል። ሁላችንም ድንኳን ውስጥ እንንሰቅሰቅ ማለቴ አይደለም። ራሱን ለሦስት ቀን የገዛ ሰው በአራተኛው ቀን የሚያወርድበት ትከሻ ይኑረው ነው የምለው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህ ነው። ዋናው ቅጣትን የሚመለከት ነው። ሐዘን የደረሰበት አባል በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀብር ሲቀር፣ ብር ከመጻፉ በፊት ሁለት ሰው ቤቱ ይሂድ። ከሁለቱ አንዱ እሱ ራሱ የሚመርጠው ሰው ቢሆን ይሻላል። ደብዳቤ አይያዙ። የሚሠራው ሥራ ካለ አብረው ይሥሩ፤ የሚታጠብ መኪና ካለ ይጠቡ፣ የሚጠገን አጥር ካለ ይያዙለት። «በረታህ?» አይበሉት። «ማታ ማታ እንዴት ነው የሚያደርግህ?» ይበሉት፤ እኔ ሞክሬው አውቀዋለሁ፣ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። የሰሙትን ደግሞ ለጉባኤ አያቅርቡ፣ ለጸሐፊም አይንገሩ። እኔ ማወቅ ያለብኝ መጠየቁን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የሰው ገመና ጠላ ቤት ከደረሰ ሁለተኛ የሚናገር ወንድ አናገኝም።

ደግሞ ድንኳን ውስጥ «ወንድ አይደለህ እንዴ?» የሚለውን ንግግር ዳኛው ያስቁም። ዳኛው ራሱ ሐዘንተኛው አጠገብ ተቀምጦ ዝም ቢልለትና «አልቅስ፣ ማንም አያይህም» ቢለው የሚሻል ይመስለኛል። ልጆችም ከአባታቸው ጭን አይነሡ።

ሌላው የሕይወት ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በዓመት ከ700 ሺህ በላይ ሰው በገዛ እጁ ይሞታል፤ በወንዶች መካከል ያለው መጠን ከሴቶቹ ከእጥፍ በላይ ነው። እኛ እድር ላይ ያለን ሰዎች ለዚህ ቁጥር ባዕድ አይደለንም፤ «በድንገት ነው» ተብለን የቀበርነው አለ። ስለዚህ ከተላኩት ሁለት ሰዎች አንዱ «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ቃል ቢሰማ ነገሩ ከእድር አቅም በላይ መሆኑን ይወቅ። ያን ሰው ብቻውን አይተወው፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ይዞት ይሂድ። በአማኑኤል ስም ሰው መስደብ የለመደ አፋችንንም እንሰብስብ። ወንድሞቻችን ከዚያ በር የሚሸሹት ከሕመሙ ይልቅ ስድቡን ፈርተው ነው። ከጦር ሜዳ ተመልሰው ቤት የተዘጉ ወጣቶች በየእድሩ አሉ። እናቶቻቸው «ልጄ ሌሊት ይጮኻል» እያሉ ለሚስቶቻችን ሲነግሩ እንሰማለን፤ ለእኛ ግን አይነግሩንም። ለወንድ ጉባኤ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይነገር ስለሚያውቁ ነው።

ወጪው ምን ያህል ነው ትሉኝ ይሆናል። አስቤዋለሁ። ለእያንዳንዱ ሐዘንተኛ ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰዓት። ብር የለበትም።

ሹፌሩ አልተሰረዘም። ጉዳዩን ለዳኛችን በቃል ነገርኳቸው፤ ድንኳን ውስጥ «ወንድ አይደለህ እንዴ?» ያሉት ሽማግሌም እዚያው ነበሩ። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «እኔ ነኝ መሄድ ያለብኝ» ብለው በትራቸውን አነሡ። ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም፤ አልጠየቅሁም። ሚያዝያ ላይ አንድ ጎረቤት ስንቀብር ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው አየኋቸው። አፈሩ መውረድ ሲጀምር ሽማግሌው ክንዱን ይዘው ከሰው ራቅ ወዳለው ጽድ ወሰዱት፤ እስኪያልቅ እዚያ ቆዩ። አካፋውን ሌላ ሰው ተቀበለው። እኔም መዝገቤ ላይ «ተገኝቷል» ብዬ ጻፍኩ።

የሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችን ሐምሌ ላይ ነው። የደንብ ማሻሻያውን ሐሳብ አንድ ገጽ አድርጌ ጽፌዋለሁ። የሚፈልግ እድር ካለ ቅጂውን እሰጣለሁ፤ ከእኛ የተሻለ ያረቀቀ ካለም እንዲሰጠኝ እለምናለሁ። እስከዚያው ግን ጉባኤ ሳልጠብቅ አንድ ነገር አድርጌአለሁ። በአዲሱ መዝገብ ላይ «ቀሪ» ከሚለው ዓምድ ቀጥሎ፣ ከ«ቅጣት» በፊት፣ በማስመሪያ አንድ ጠባብ ዓምድ አስምሬአለሁ። አናቱ ላይ «ማን ጠየቀው?» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የእድር ጸሐፊ
አዲስ አበባ